የማይታየው እንግዳ

በላስታ ደጋ ልጅ እንግዳን አክብሮ እንዲቀበል ተደርጎ ያድጋል። በላሊበላም ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ፣ ከሩቅ አገር ሰው ጋር መነጋገር ለልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በእናት ወይም በአባት ስልክ የሚመጣው እንግዳ ማንም ሳያየው ልጁን ለብቻው ያነጋግረዋል። ልዩነቱን ለልጅ ማን ያስረዳው?

የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ስናሠለጥን ከዚሁ እንነሣለን፦ የቤት እንግዳ በቤተሰብ ፊት ይቀመጣል፤ «ለማንም እንዳትነግር» የሚል ግን እንግዳ አይደለም። ለትምህርቱ ኮምፒውተር አያስፈልግም። መምህሩ የክብሪት ቀፎን እንደ ስልክ ይዞ ሦስት ነገር ያለማምዳል፦ ስልኩን ማስቀመጥ፣ መራቅ፣ ለሚያምኑት ትልቅ ሰው መንገር። ስምን፣ ፎቶግራፍንና የትምህርት ቤትን ስም ለማያውቁት ሰው አለመስጠትም አብሮ ይጠናል።

ከሁሉ የሚከብደው የመምህሩ ድርሻ ነው። ልጅ ያየውን ሲናገር ቁጣ ወይም አለንጋ ከጠበቀው ሁለተኛ አይናገርም፤ ክፉ ሰውም የሚተማመነው በዚሁ ዝምታ ነው። ስለሆነም መምህራኑ «መንገርህ ደግ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ማለትን እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ። ሕፃናትን በኮምፒውተር ሥርዓት፣ በስልክም ጭምር፣ ለወሲብ ማባበል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነውና፣ መልእክቱ ሳይጠፋ ለፖሊስ ማስረጃ ሆኖ እንዲቆይ ይማራሉ።

ወገኖች ሆይ፣ መምህር ያስተማረውን ቤት ካላጸናው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በየጉባኤያችሁ ወላጆችን ምከሩ፤ እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ በስልክ ምን እንዳዩ በእርጋታ ጠይቋቸው።