ሚሲዮናውያኑ በሌሉበት የሰፋ እምነት፦ የወላይታ መቶ ዓመት

ሚሲዮናዊ ለቅኝ ገዢ መንገድ ጠራጊ ነው የሚለው አባባል ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራ ይሆናል፤ ወላይታ ላይ ግን ይደናቀፋል።

የካዎ ጦና መንግሥት በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ አገሩ ላይ የገባር ሥርዓት ተተከለ። ኦርቶዶክሳዊው ክርስትና የሰፋውም ከነፍጠኛው ጋር ስለነበር፣ ለብዙ ገበሬ ጌታውና ቤተ ክርስቲያኑ ተለያይተው አልታዩትም። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመሩት የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ኢሳ ላሌ የተባለ የጋሞ ሰው ጣዖት ጣሉ፣ ለሰማዩ አምላክ ለጦሳ ብቻ ጸልዩ እያለ አገሩን አዳርሶት ነበር። ስለዚህ ለውጡን በፈረንጅ መምጣት መጀመር ታሪኩን ማሳጠር ነው።

ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ጣቢያ ተከፍቶም የመጀመሪያው ጥምቀት እስከ 1926 ዓ.ም. ቆየ። ጣሊያን በሚያዝያ 1929 ሚሲዮናውያኑን ሲያባርር የተጠመቁት ከ50 እምብዛም አይበልጡም ነበር። ቅኝ ገዢው እዚህ ፕሮቴስታንቱን አስወጪ እንጂ አስገቢ አልነበረም። ከነፃነት በኋላ የተመለሱት ግን ወደ 10,000 አማኝ እንዳገኙ ሚሲዮናዊው ሬይመንድ ዴቪስ ጽፏል። ቁጥሩ የሚሲዮኑ የራሱ ግምት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ቢቀነስ እንኳ ሥራው የወላይታ አማኞቹ የእነ ዋንዳሮ ዳባሮና የእነ ቢሩ ዱባሎ ነው። ዋንዳሮ ተገርፏል፣ ታስሯል፤ ጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ ማስተማሪያው አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ከንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የቆመው አማኝ የንጉሡን ቋንቋ አንባቢ ሆነ።

የወላይታ ወንጌላውያን ከዚያ ወደ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮና አሪ ዘመቱ። አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ በሄዱበትም ስድብና እስር ጠብቋቸዋል። ይሁን እንጂ የጎረቤትን ሥርዓት ጣዖት ብሎ መንቀፍ ከውጭ የመጣ ሰው ብቻ የሚጠየቅበት አይደለም። ለፈረንጁ የምናቀርበውን ጥያቄ ለእነርሱም ማቅረብ ተገቢ ይመስለኛል።

ደርግ ጸሎት ቤቶችን ዘጋ፤ የኦቶናው ሆስፒታልም ከሚሲዮኑ እጅ ወጣ። እምነቱ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም። በ1976ቱ ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 5 ተኩል ገደማ የነበረው ፕሮቴስታንት በ1999 ወደ 18 ተኩል ደረሰ፤ በወላይታ ዞን ደግሞ ከመቶ 71 ገደማ ሆነ። መጠጥና ትምባሆ በአማኙ ዘንድ ተነወሩ፤ ከአንድ በላይ ሚስት ያገባ በቤተ ክርስቲያን መሪነት ራቀ፤ መንፈስ ጠሪው ሻሬቾ ተሰሚነቱን አጣ። ሻሬቾው ይዞት የሄደውን ማን መዘገበው? ሚሲዮናውያኑ የጻፉት በአብዛኛው አዲሱን እምነት ስለ ተቀበሉት ነው። አንዳንድ አማኞች በጥርጣሬ ያዩት የነበረው የዘመን መለወጫው ጊፋታ ዛሬ በሶዶ አደባባይ በመንግሥት ድጋፍ ይከበራል፤ ከሚጨፍሩት ብዙዎቹ የእነዚያ ወንጌላውያን የልጅ ልጆች ናቸው።