የፕላስቲክ ጥበት የችግኝን ዕድገት ይገታል

በየክረምቱ በገበሬው ጉልበት የሚተከለው ችግኝ በጋውን ሳይዘልቅ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ በዝናብ ማጠርና በከብት ይመካኛል። ነገር ግን አንዱ ምክንያት ከችግኝ ጣቢያው አብሮ የሚመጣ ነው፤ ይኸውም የሥር መጠምጠም ነው።

በጠባብ ፕላስቲክ የሚያድግ ሥር ዳሩ ሲያግደው እየዞረ ይጠመጠማል፤ ዋናው ሥርም ከታች ይታጠፋል። እንዲህ ያለው ሥር መሬት ከገባም በኋላ ስለማይቃና በጥልቀት ያለውን እርጥበት አያገኝም። ችግኙ በጋውን ቢያልፍ እንኳ ካደገ በኋላ ነፋስ ሊጥለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣና 65 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርምር እንደሚያስረዳው፣ ተክሉ ያለበት ዕቃ ስፋት እጥፍ ሲሆን የተክሉ ክብደት በአማካይ 43 በመቶ ይጨምራል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ችግኝ ከመረከባቸው በፊት ከጥቂቶቹ ላይ ፕላስቲኩን ቀደው ሥሩን ሊመለከቱ ይገባል። ካለፈው ዓመት የከረመና ሥሩ የተጠመጠመ ችግኝ መመረጥ የለበትም። በጣቢያው ሳለ ከፕላስቲኩ በታች የወጣው ሥር በየጊዜው ይቆረጥ። በተከላ ዕለት ፕላስቲኩ ፈጽሞ ይወገድ፤ ከታች የተጠመጠመው ሥርም በስለት ይከርከም። ቁጥሩ ቢያንስም የሚጸድቀውን መረከብ ይሻላል፤ የሚባክነው ጉልበት የገበሬው ነውና።