የፓስፊክ ሙቀትና የቡታጅራ በርበሬ

የቡታጅራና የወልቂጤ በርበሬ ነጋዴ የክረምቱን ሁኔታ ለመገመት ሰማይ ሰማዩን ማየት ልማዱ ነው። አገራችን ወደብ ባይኖራትም ባሕሩን ቢመለከት ይበጀዋል።

ሳተላይቶች ከውቅያኖስ ገጽ የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር ለክተው ሙቀቱን ያሰላሉ። የሚያነቡት ግን ከፀጉር የቀጠነውን የላይኛውን ገለፈት ብቻ ነው፤ ደመናም ይጋርዳቸዋል። ደመናን ዘልቆ የሚያልፈው ማይክሮዌቭ ያን ጊዜ ያግዛል፤ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎችም ልዩነቱን ያርማሉ።

በመካከለኛው ፓስፊክ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ ሙቀቱ ከመደበኛው በ0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ጨምሮ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኞ ይባላል። ያን ጊዜ የክረምት ዝናባችን አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይኸው ደርሶ፣ በዓመቱ ማብቂያ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገልጾ ነበር። ይሁንና ድርቁ ክፉኛ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ነው። ስለዚህ ኤልኒኞ መጣ በተባለ ቁጥር ዛላ ሰብስቦ መጋዘን መቆለፍ ከቁማር አይለይም።

የሕንድ ውቅያኖስም ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደታየው ምዕራባዊ ክፍሉ ከምሥራቁ ይልቅ ሲሞቅ፣ ከመስከረም በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ይበረታል። የማረቆ በርበሬ ተለቅሞ በሚሰጣበት ወቅት ዝናብ ከመጣ ዛላው ይሻግታል፤ የሻገተውን ደግሞ የአዲስ አበባ ገዢ በግማሽ ዋጋም አያነሳውም።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይህንኑ የባሕር ሙቀት ከቀደሙ ተመሳሳይ ዓመታት ጋር እያመሳከረ የክረምት ትንበያውን ወቅቱ ሳይገባ ያወጣል። ነጋዴው ለገበሬው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ሊያነበው ይችላል።