ስለ መጠጥ ሽያጭና ስለ ገዢው ዕድሜ

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል ያለበትን መጠጥ መሸጥ የተከለከለ መሆኑን ያልሰማ ነጋዴ በነቀምት ከተማ ይገኛል ብለን አናምንም። ቀድሞ ወሰኑ 18 ዓመት ነበር። በራዲዮና በቴሌቪዥን ይነገር የነበረው የመጠጥ ማስታወቂያ የቆመውም በዚሁ አዋጅ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ነገር ግን ማስታወቂያን ለማስቆም ጥቂት ጣቢያዎችን ማዘዝ ሲበቃ፥ ዕድሜን ለመጠየቅ ከነቀምት እስከ ደምቢ ዶሎ፥ ከኡኬ እስከ ጊምቢ ባንኮኒ ላይ የቆመው ሻጭ ሁሉ በየቀኑ መትጋት አለበት። ገዢውን ፊት ለፊት የሚያየው እርሱ ነውና።

በከተማችን ቢራ የማይሸጥ የሸቀጥ ሱቅ ማግኘት ቀላል አይደለም። የቢራው ፋብሪካም ሩቅ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. ከመንግሥት ወደ ሃይነከን ኩባንያ የተላለፈው የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ከእኛ በስተ ደቡብ ባለው መንገድ ላይ ነው። ፋርሶው፥ ጠጁና አረቄው ደግሞ ምልክት በሌለው ቤት ጭምር የሚሸጥ ስለ ሆነ፥ እርሱን ለሌላ ጊዜ እንተወውና ፈቃድ አውጥቶ ግብር ስለሚከፍለው ባለ ሱቅ እንነጋገር።

ባለ ሱቁን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ለራሱ ሊጠጣ የሚመጣው ጎረምሳ ሳይሆን የተላከው ልጅ ነው። በአገራችን ልጅ መላክ ነውር አይደለም፤ የተላከው ልጅም ቶሎ ደርሶ ሲመለስ ይመሰገናል። እንግዳ ቤት ሲገባ አባት ሁለት ባዶ ጠርሙስና ገንዘብ ለአሥር ዓመት ልጁ ይሰጥና፥ «ሮጥ ብለህ ከሱቅ አምጣ» ይለዋል። ባለ ሱቁ ልጁንም አባቱንም ያውቃቸዋል፤ ምናልባትም ከአባትየው ጋር በአንድ ዕድር ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ባዶ እጁን መመለስ ጎረቤትን ማስቀየም ይመስላል። አዋጁ ግን እንደምንረዳው የሚመለከተው ባንኮኒው ፊት ቆሞ የሚገዛውን ሰው እንጂ፥ ቤት ተቀምጦ የሚጠብቀውን አይደለም። ደግሞስ ዛሬ ለአባቱ የሚላከው ልጅ፥ ከአምስት ዓመት በኋላ «አባቴ ልኮኝ ነው» እያለ ለራሱና ለጓደኞቹ ቢገዛ፥ ሻጩ በምን ይለየዋል? መንገዱን ያስለመድነው እኛው ነን።

ስለዚህ ልጁን ሳያስደነግጡ፥ «ለአባትህ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ጠርሙሱን ራሳቸው መጥተው ይውሰዱ ወይም ትልቅ ሰው ይላኩ» ብሎ መመለስ ይቻላል። የሱቅ ሠራተኛ ያለው ነጋዴ ደግሞ ሠራተኛውን እስከ ደጅ ልኮ ለአባትየው ቢያስረክብ ደንበኛውን አያጣም። አባትየው በመጀመሪያው ቀን ይቆጣ ይሆናል፤ በሦስተኛው ግን ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛው ችግር የመታወቂያው ነገር ነው። የቀበሌ መታወቂያ 18 ዓመት ለሞላው ሰው የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ገዢው መታወቂያ ስለ ያዘ ብቻ 21 ዓመት ሞልቶታል ማለት አይደለም፤ የልደቱን ዘመን ማንበብ ያስፈልጋል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በዚህ ዕድሜ አካባቢ ያሉት ወጣቶች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው፤ በብዙዎቹም መታወቂያ ላይ የሰፈረው ዘመን ቤተሰብ እንዳስታወሰው የተነገረ ነው። ይህ የሻጩ ጥፋት አይደለም። ሻጩ የሚጠየቀው የተጻፈውን አይቶ እንደ ሆነ ነው።

የተጻፈውንም ቢሆን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ልደት በአንዳንዱ መታወቂያ ላይ በኢትዮጵያ፥ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በሌላውም በሁለቱም ይጻፋል። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት በ2018 ዓ.ም. ቢበዛ 20 ዓመቱ ነው። ሻጩ ግን በስልኩ ላይ ያለውን የአውሮፓ ዘመን 2026 አይቶ ቢቀንስ 28 ዓመት ያገኛል፤ ለልጅም ይሸጣል። እንደ ጸሐፊነቴ ቀን መጻፍ የዕለት ሥራዬ ስለ ሆነ፥ ይህ ስሕተት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። መድኃኒቱ ትንሽ ወረቀት ነው፤ «ከዚህ ቀን በኋላ ለተወለደ አይሸጥም» ተብሎ፥ የዕለቱ ቀን 21 ዓመት ወደ ኋላ ተቈጥሮ፥ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍና ከሒሳብ መዝገቡ አጠገብ ይለጠፍ። በየጠዋቱ ማደስ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሻጩም ከመቀነስ ያርፋል።

የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የሚመጣው ተማሪ ለገበያችን ትልቅ በረከት ሆኗል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከ18 በላይ፥ ከ21 በታች ናቸው። «መምረጥ፥ ውል መፈረም፥ ማግባት እችላለሁ፤ አንድ ቢራ እንዴት እከለከላለሁ?» ብሎ የሚከራከር ተማሪ አይጠፋም። ክርክሩ ፍሬ ቢስ አይደለም፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። ነገር ግን ጥያቄው ሕግ ለሚያወጡት የሚቀርብ እንጂ በባንኮኒ ላይ የሚፈረድ አይደለም።

እውነተኛው ፈተና ግን ጎረቤት ሱቅ ነው። አንዱ ሲከለክል ሌላው ከሸጠ፥ ሕግ ያከበረው ደንበኛውን አጥቶ ይቀመጣል። በእንግሊዝ አገር ሕጋዊው ዕድሜ 18 ሲሆን፥ ቸርቻሪዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ገዢ ሁሉ መታወቂያ መጠየቅ ጀመሩ፤ ስኮትላንድ ይህን ልማድ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሕግ ግዴታ አደረገችው። የሁሉም ሱቅ ልማድ ከሆነ መጠየቅ እንደ ስድብ አይቈጠርም፤ ሻጩም ፊት እያየ «ይህ 20 ነው፥ ያ 22 ነው» ብሎ ከመገመት ይድናል።

ስለዚህ የምክር ቤታችን አባላት በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሱቆች በአንድ ቀን እንዲጀምሩ ቢስማሙ፥ ማስታወቂያውም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ታትሞ ለየሱቁ ቢታደል፥ ወጪው ጥቂት ነው። ጉዳዩ በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ እናሳስባለን፤ የኡኬና የሌሎቹ ትንንሽ ከተሞች ነጋዴዎችም ሐሳባቸውን በጽሑፍ ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን።