የገማ እንቁላል ሽታው ከየት ይጀምራል?

ከፍሳሽ ማንሆል የሚወጣውን የገማ እንቁላል ሽታ የማያውቅ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አብዛኛው መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ነዋሪ ሲያማርር ደግሞ ክዳኑ ጠበቅ ተደርጎ ይዘጋል፤ ወይም ሽታ የሚሸፍን ኬሚካል ይረጫል። እንዲህ ያለው መፍትሔ ቁስሉን ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መሸፈን ነው። ሽታው የሚመጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከሚባል ጋዝ ነው። ይህን ጋዝ በአስተማማኝ መንገድ መቆጣጠር የሚቻለውም አየር ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ገና ውኃው ውስጥ ሳለ፣ አንዳንዴም ውኃው ፍሳሽ ከመሆኑ በፊት ነው።

ፍሳሽ በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ፣ ከውኃው በታች ያለው ግድግዳ በሚያሟልጭ ስስ ልጋግ ይሸፈናል። በልጋጉ ውስጠኛ ክፍል ኦክስጅን የለም። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ውኃው ውስጥ የሟሟውን ሰልፌት ይጠቀማሉ፤ ውጤቱም ሰልፋይድ ነው። ሰልፌቱ ከመጠጥ ውኃው፣ ከሽንትና ከሳሙና ይመጣል። ፍሳሹ ሲሞቅ፣ መስመሩ ሲረዝምና ቧንቧው በፓምፕ ግፊት ጢም ብሎ ሲሞላ ምርቱ ይጨምራል። የፍሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 7 አካባቢ ከሆነ ከሟሟው ሰልፋይድ ግማሽ ያህሉ ለመትነን በተዘጋጀ የጋዝ መልክ ይገኛል። ውኃው ከከፍታ ሲወርድና ሲናጥ ጋዙ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ሽታው የሚበረታው ፓምፑ በሚያራግፍበት ማንሆል ነው።

የተለቀቀው ጋዝ ሁሉ ወደ መንገድ አይወጣም። ከፊሉ በእርጥቡ የቧንቧ ጣሪያ ላይ ይቀራል። በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን የሠራው ተመራማሪ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1945 እንዳሳየው፣ እዚያ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ጋዙን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። አሲዱ የኮንክሪቱን ሲሚንቶ ጀሶ ያደርገዋል። ጠንካራው ግድግዳ በቢላ የሚፋቅ ነጭ ሊጥ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ፍሳሽ የሚያጥበው የቧንቧ ወለል ደህና ሆኖ ሳለ፣ ፍሳሽ የማይነካው ጣሪያ ተበልቶ ብረቱ ይወጣል። አስፋልቱ አንድ ቀን ድንገት ሲሰምጥ ከሥሩ ይህ ሥራ ለዓመታት ሲካሄድ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

“ሽታ ሰው አይገድልም” የሚል ይኖራል። ይህ ጋዝ ግን ይገድላል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ከአንድ እጅ እጅግ ያነሰው እንኳ ለአፍንጫ ይሰማል፤ 100 እጅ ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜት ራሱ ይደነዝዛል። ወደ 1000 እጅ ሲጠጋ በጥቂት ትንፋሽ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስጠነቀቀው፣ በእንዲህ ያሉ ዝግ ቦታዎች ከሚሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የወደቀውን ለማዳን የገቡ ሰዎች ናቸው።

“ታዲያ በፕላስቲክ ቧንቧ ብንቀይረውስ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግማሽ ነው። ፕላስቲክ በአሲዱ አይበላም፤ ጋዙ ግን ሳይቀንስ ወደሚቀጥለው የኮንክሪት ማንሆል ይጓዛል። ከሰል ያለበት ማጣሪያም ሽታውን መውጫው ላይ ይይዛል እንጂ ጣሪያውን አያድንም። የተሻለው መንገድ ፍሳሹን ማከም ነው። ኦክስጅን ወይም ናይትሬት ሲጨመር ሰልፋይድ ውኃው ውስጥ አይከማችም፤ የብረት ጨው ሰልፋይዱን ይዞ ጥቁር ዝቃጭ ያደርገዋል፤ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ ጋዙ ከውኃው እንዳይለቅ ይይዘዋል። ሁሉም ይሠራሉ። ችግራቸው ወጪያቸው በየቀኑ መሆኑ ነው።

እንግዲህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንሂድ። የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት በደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ሰልፌት ከየት እንደመጣ ተከታተለ። 52 በመቶው የመጣው የመጠጥ ውኃን ለማጥራት ከሚጨመረው አሉሚኒየም ሰልፌት ነበር። ውኃ አጣሪው ቆሻሻ ለማዝቀጥ የጨመረው ኬሚካል፣ ቤት ለቤት አልፎ፣ ታጥቦበትና ምግብ ተሠርቶበት፣ በመጨረሻ የፍሳሽ ቧንቧውን ይበላል ማለት ነው። ኬሚካሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አዋሽ መልካሳ ላይ የሚያመርተው ፋብሪካ አለ፣ ምርቱም ውኃ ለማጣራት ይውላል።

አሉሚኒየም ሰልፌት ርካሽና የተፈተነ ነው፤ ለምን ይነካል? የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ከማንኛውም ቧንቧ ይቀድማል። ሆኖም እንደ ፌሪክ ክሎራይድ ያሉ ሰልፌት የሌለባቸው አማራጮች አሉ፤ ርካሽነቱም የሚለካው በማጣሪያው ሂሳብ ብቻ መሆን የለበትም። በአንዱ መሥሪያ ቤት የዳነው ገንዘብ በሌላው መሥሪያ ቤት ቧንቧ ጥገና ሊወጣ ይችላል። እርግጥ ወንዙ ወይም ጉድጓዱ ራሱ ሰልፌት የበዛበት ከሆነ ኬሚካሉን መቀየር ብዙ አይጠቅምም።

ለዚህም ነው መለካት ከሁሉ የሚቀድመው። አዲስ የፍሳሽ መስመር የሚዘረጋ ከተማ ስለ ቧንቧው ከመወሰኑ በፊት በመጠጥ ውኃውና በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ይለካ፤ የውኃና የፍሳሽ መሐንዲሶችም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። እርስዎም አንባቢ፣ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ወድቆ ቢያዩ የአየር መተንፈሻ መሣሪያ ሳይኖርዎ ተከትለው አይግቡ፤ ሌላም ሰው እንዳይገባ ይከልክሉና መሣሪያ ያለው የአደጋ ሠራተኛ ይጥሩ።