በአንድ ነጥብ ያመለጠ ዘውድ

(በሬዲዮ ከተነገረው)

ስለ ስፖርት የሚነገረው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የአሸናፊው ወሬ ነው። አሸናፊው ይወደሳል፤ ሥዕሉ በጋዜጣ ይወጣል፤ ሁለተኛ የወጣው ግን ስሙ ሳምንት ሳይሞላው ይረሳል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን አራት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ባሸነፈው ተፎካካሪው በአንድ ነጥብ ተበልጦ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አጣ። ካጣበትም ምክንያት አንዱ በገዛ አንደበቱ ለተፎካካሪው የሰጠው የእውነት ምስክርነት ነው። ይህ ሰው እንግሊዛዊው የመኪና ተወዳዳሪ ስተርሊንግ ሞስ ነው። ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1958፥ በእኛ አቆጣጠር ከጥር ወር 1950 እስከ ጥቅምት ወር 1951 ዓ. ም. ያለው ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መኪናውና ስለ ውድድሩ ደንብ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ባለ አንድ መቀመጫ የውድድር መኪና በየመንገዱ እንደምናየው አውቶሞቢል አይደለም። ጎማዎቹ በምንም ነገር ሳይሸፈኑ በግራና በቀኝ ወጥተው ይታያሉ፤ አካሉ ጠባብና ረጅም ነው፤ ነጂውም ብቻውን ከነዳጁና ከሞተሩ ጋራ ተጣብቆ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ የደኅንነት ቀበቶ የማሰር ልማድ ስላልነበረ፥ መኪናው ሲገለበጥ ነጂው ተወርውሮ ይወድቅ ወይም ከሥሩ ይቀር ነበር። ስለዚህ የዚህ ውድድር ነገር የጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ የሞትና የሕይወት ነገር ነበር።

ግራን ፕሪ በሚባለው በእያንዳንዱ ውድድር አንደኛ የወጣው 8 ነጥብ፥ ሁለተኛው 6፥ ሦስተኛው 4፥ አራተኛው 3፥ አምስተኛው 2 ያገኛል። ከሁሉ ፈጥኖ አንድ ዙር ለጨረሰው ደግሞ 1 ነጥብ ይጨመርለታል፤ ይህችን ነጥብ ለማግኘት ውድድሩን መፈጸም እንኳ ግዴታ አልነበረም። በዓመቱ ከተደረጉት 11 ውድድሮች ለእያንዳንዱ ነጂ የሚቆጠሩለት ከሁሉ የተሻሉት 6 ውጤቶች ብቻ ናቸው። ከ11ዱ አንዱ በአሜሪካ አገር በኢንዲያናፖሊስ የሚደረገው ስለ ነበረና የአውሮፓ ነጂዎች በብዛት ስለማይሄዱበት፥ ትግሉ በእውነቱ በ10 ውድድሮች ላይ ነበር። አድማጮቻችን ይህን የቁጥር ደንብ በልባቸው እንዲይዙት እንለምናለን፤ የታሪኩ ፍጻሜ የሚፈታው በዚሁ ነውና።

ሞስ ባለፉት ሦስት ዓመታት በተከታታይ በዓለም ሁለተኛ ሲወጣ፥ ከፊቱ የሚቀድመው ታላቁ የአርጀንቲና ተወላጅ ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ነበር። በዚህ ዓመት ግን ፋንጂዮ ከውድድር ሊሰናበት ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ የዘውዱ ተራ የሞስ ነው ብሎ ያልገመተ ጥቂት ነው።

ጅምሩም እንደ ተገመተው ሆነ። የመጀመሪያው ውድድር በቡዌኖስ አይሬስ የተደረገው ጥር 11 ቀን 1950 ዓ. ም. ሲሆን፥ ይህም እኛ የጥምቀትን በዓል የምናከብርበት ዕለት ነው። ሞስ የሚነዳላቸው የእንግሊዞቹ የቫንዎል መኪናዎች በአዲሱ የነዳጅ ደንብ ምክንያት ገና አልተዘጋጁም ነበር። እርሱም ሮብ ዎከር ከሚባሉት ሰው ኩፐር የተባለች ትንሽ መኪና ተውሶ ቀረበ። ሞተርዋ ሁለት ሊትር የማይሞላ ሆኖ፥ እንደ ሌሎቹ በፊት ሳይሆን ከነጂው ጀርባ የተቀመጠ ነበር። የፌራሪዎቹ ሞተር ግን 2.4 ሊትር ስለ ነበረ ተመልካቹ ሁሉ ኩፐርን ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

ኩፐር ሌላም ጉድለት ነበራት። የሌሎቹ ጎማ በአንድ ዳዶ የሚፈታ ሲሆን የእርስዋ በአራት ቡሎን የታሰረ ስለሆነ፥ ጎማ ለመለወጥ ብትቆም ውድድሩ ያመልጣታል። ስለዚህ ሞስና ረዳቶቹ ጨርሶ ላለመቆም ተማከሩ። መካኒኮቹ ግን አዳዲስ ጎማዎችን አውጥተው ሞስ አሁን ይቆማል የሚል መልክ አሳዩ። የፌራሪ ሰዎችም ይህን አይተው መቆሙ አይቀርም በማለት ሳይቸኩሉ ተከተሉት። ዘዴው በገባቸው ጊዜ ሰዓቱ መሽቶባቸው ነበር። ሞስ ጎማው አልቆ የውስጡ ሸራ እየታየ ጣልያናዊውን ሉዊጂ ሙሶን በ2.7 ሴኮንድ ቀድሞ ገባ። ሞተሩ ከጀርባ የሆነ መኪና በዓለም ሻምፒዮና ውድድር ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የውድድር መኪና ሠሪዎች ሁሉ ይህንኑ አሠራር ተከተሉ።

ከዚህ በኋላ ግን የሞስ ዕድል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ግንቦት 10 ቀን በሞናኮ በቫንዎል ቀዳሚ ሆኖ ሲነዳ ሞተሩ ተበላሽቶበት ቆመ፤ ድሉንም እርሱ በተዋት በዎከር ኩፐር የቀረበው ፈረንሳዊው ሞሪስ ትሬንቲኞን ወሰደው። ከስምንት ቀን በኋላ በሆላንድ በዛንድፎርት ሞስ አሸነፈ፤ ፈጣኑንም ዙር ጨመረበት። ሰኔ 8 ቀን በቤልጂግ አገር በስፓ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዙር እየመራ ሳለ ማርሽ ሲለውጥ ሳተው፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ዞሮ ተሰበረ። ያን ቀን ያሸነፈው የእርሱው ጓደኛ ቶኒ ብሩክስ ነበር። በሲልቨርስቶን በገዛ አገሩ ሞተሩ ከዳው። በጀርመን በኑርቡርግሪንግ ከሁሉ ፈጥኖ ሲመራ ማኜቶው ተበላሽቶ ከሞተሩ እሳት ጠፋ፤ ለፈጣን ዙር የተሰጠችው አንዲት ነጥብ ብቻ ተረፈችው። በጳጉሜን 2 ቀን በኢጣልያ በሞንዛ ካምቢዮው ተሰበረ።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። በዚህ ውድድር ግን የሚዋጋው ነጂ ፈረሱ ካላደረሰው ምንም ማድረግ አይችልም። ሞስ በዚያ ዓመት ከተወዳደረባቸው 10 ግራን ፕሪዎች የፈጸመው 5ቱን ብቻ ነው። ከፈጸማቸውም አራቱን አሸነፈ፤ በአንዱ ሁለተኛ ወጣ።

በአንጻሩ የቆመው ተፎካካሪው ማይክ ሆውቶርን ነው። እርሱም እንግሊዛዊ ሲሆን የሚነዳው ለኢጣልያኖቹ ለፌራሪ ነበር። ሆውቶርን ያሸነፈው በፈረንሳይ በራንስ ብቻ ነው። ነገር ግን መኪናው ጽኑ ስለ ነበረች ከ10 ውድድር 8ቱን ፈጸመ፤ አምስት ጊዜም ሁለተኛ ወጣ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ነጥቡን ጥቂት በጥቂት አከማቸ።

ይህ ማለት ዓመቱ ለሆውቶርን የደስታ ነበር ማለት አይደለም። እርሱ በራንስ ባሸነፈበት በሰኔ 29 ቀን የፌራሪ ባልደረባው ሙሶ ከመንገድ ወጥቶ ሞተ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፥ ሐምሌ 27 ቀን በኑርቡርግሪንግ የቅርብ ወዳጁ ፒተር ኮሊንስ ከፊቱ ሲነዳ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠና ሕይወቱ አለፈች። ሆውቶርን ይህን በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ የነዳው ልቡ ከውድድር እየራቀ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እምብርት ደርሰናል። ነሐሴ 18 ቀን 1950 ዓ. ም. በፖርቱጋል በፖርቶ ከተማ፥ የድንጋይ ንጣፍና የትራም ሐዲድ ባለበት ጎዳና ውድድር ተደረገ። ሞስ ሁሉንም ርቆ አሸነፈ፤ ሆውቶርን ሁለተኛ ሆነ። በዚህ ቀን ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ነጂው በሩጫ ላይ ሳለ ረዳቶቹ በሰሌዳ ላይ ጥቂት ፊደሎች ጽፈው ያሳዩታል። የሞስ ረዳቶች ሆውቶርን ከሁሉ የፈጠነ ዙር መሮጡን በአሕጽሮት ጽፈው አሳዩት። ሞስ ግን የመጨረሻዋን ፊደል በሌላ አንብቦ፥ ሆውቶርን እንደ ወትሮው እየነዳ ነው የሚል መልእክት መሰለው። ስለዚህ ጨምሮ መፍጠን አላስፈለገውም፤ የፈጣኑ ዙር ነጥብ ለሆውቶርን ቀረች። በአንዲት ፊደል ምክንያት አንዲት ነጥብ ጠፋች።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። በመጨረሻው ዙር ሆውቶርን ከመንገድ ወጣና ሞተሩ ጠፋ። መኪናውን በጉልበቱ እየገፋ ሊያስነሣ ሲታገል፥ ውድድሩን ጨርሶ በዝግታ የሚመለሰው ሞስ ደረሰበትና ቁልቁል እንዲገፋት ጮኾ መከረው። ሆውቶርን እንደ ተመከረው አድርጎ ሞተሩን አስነሣ፤ ሁለተኛም ሆኖ ገባ። ዳኞቹ ግን በሩጫው አቅጣጫ አንጻር ወደ ኋላ ሄዷል በማለት ውጤቱን ሊሰርዙት ተነሡ።

በዚህ ጊዜ ወደ ዳኞቹ ገብቶ የመሰከረለት ሞስ ነው። ሆውቶርን መኪናውን ወደ ኋላ ያንቀሳቀሰው በእግረኛ መንገድ ላይ እንጂ በውድድሩ ጎዳና ላይ እንዳልሆነ፥ ስለዚህም ደንብ እንዳልጣሰ፥ ያየውን እንዳየው ተናገረ። ዳኞቹም ቃሉን ተቀብለው ለሆውቶርን ነጥቡን አጸደቁለት። ሞስ ዝም ቢል ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ የተፎካካሪ ጠበቃ ሁን ብሎ የሚያስገድድ ደንብ የለምና።

የመጨረሻው ውድድር ጥቅምት 9 ቀን 1951 ዓ. ም. በአህጉራችን በአፍሪካ፥ በሞሮኮ በካዛብላንካ አጠገብ በአይን ድያብ ተደረገ። ሞስ የነበረው 32 ነጥብ፥ ሆውቶርን ደግሞ በ6ቱ ምርጥ ውጤቶቹ 40 ነበር። ሞስ ሻምፒዮን እንዲሆን ማሸነፍ፥ ፈጣኑንም ዙር መውሰድ፥ ሆውቶርንም ከሁለተኛ በታች መውጣት ነበረበት። ሞስ ከእርሱ የሚፈለገውን ሁሉ ፈጸመ፤ አሸነፈ፥ ፈጣኑንም ዙር ወሰደ። ነገር ግን የፌራሪው አሜሪካዊ ነጂ ፊል ሂል ሁለተኛ ሆኖ ሲሄድ ዝግ ብሎ ሆውቶርንን አሳለፈው። ፍጻሜው ሆውቶርን 42፥ ሞስ 41 ሆነ። ከእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆውቶርን ነው።

አድማጮቻችን ሒሳቡን ቢመረምሩት የፖርቶ ምስክርነት ዋጋ ይገለጽላቸዋል። ሆውቶርን በፖርቶ ያገኘው 7 ነጥብ ተሰርዞ ቢሆን፥ በፈንታው ከዓመቱ መጀመሪያ የቀረችው የ4 ነጥብ ውጤት ትቆጠርለትና ጠቅላላው 39 ይሆን ነበር። ዘውዱም በ41 ነጥብ ለሞስ ይገባ ነበር። የሰሌዳው ፊደል በትክክል ተነብባ ሞስ ፈጣኑን ዙር ወስዶ ቢሆን እንኳ ሞስ 42፥ ሆውቶርን 41 ይሆኑ ነበር። የሞተሩንና የካምቢዮውን ስብራት ዕድል ልንለው እንችላለን። ምስክርነቱ ግን የዕድል ነገር አይደለም፤ ሰው በፈቃዱ ያደረገው ነው።

የካዛብላንካው ቀን ለቫንዎል ሰዎች የደስታም የኀዘንም ቀን ሆነ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመኪና ሠሪዎች የተሰጠውን ሻምፒዮና ቫንዎል በ48 ነጥብ፥ ፌራሪን በ8 ነጥብ በልጦ ወሰደ። ነገር ግን ሦስተኛው ነጂያቸው ስቱዋርት ሉዊስ ኤቫንስ በዚሁ ውድድር መኪናው ተጋጭቶ በእሳት ተቃጠለና ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። የድርጅቱ ባለቤት ሚስተር ቶኒ ቫንደርቬል ከዚያ በኋላ ወደ ውድድሩ በሙሉ ኃይላቸው አልተመለሱም።

ሆውቶርንም ዘውዱን በደፋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከውድድር መሰናበቱን አስታወቀ። ሞት ግን በሌላ መንገድ ጠበቀው። ጥር 14 ቀን 1951 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በጊልድፎርድ አጠገብ በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ የራሱን መኪና ሲነዳ አደጋ ደርሶበት ሞተ። ዕድሜው 29 ዓመት ነበር፤ ዘውዱንም የተሸከመው ሦስት ወር ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው።

ሞስ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ሦስተኛ እየወጣ ቆየ። ሚያዝያ 15 ቀን 1954 ዓ. ም. በጉድውድ ክፉኛ ተጋጭቶ ለአንድ ወር ያህል ራሱን ስቶ ተኛ፤ ከሞት ቢተርፍም የቀድሞ ችሎታው አልተመለሰለትምና ታላላቆቹን ውድድሮች ተወ። በጠቅላላው 16 ግራን ፕሪ ሲያሸንፍ የዓለም ሻምፒዮን የሚለውን ማዕርግ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላገኘም። ሚያዝያ 4 ቀን 2012 ዓ. ም. በ90 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ ፖርቶው ምስክርነት በተጠየቀ ጊዜ ያደረገው የሚገባውን መሆኑን ይናገር ነበር።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ማሸነፍ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ሞስ ለማሸነፍ ጎማው እስኪያልቅ ድረስ የነዳ፥ ተፎካካሪዎቹንም በብልሃት ያታለለ ሰው ነው። ነገር ግን በሩጫው ላይ የሚፈቀደውን ብልሃትና በዳኛ ፊት የሚገባውን እውነት ለይቶ ያውቅ ነበር። መካኒኮቹ ጎማ አውጥተው ፌራሪዎችን ባታለሉ ጊዜ ደንቡን አልጣሱም፤ ሞስ በፖርቶ ዝም ቢል ግን አንድ ሰው ያልሠራው ጥፋት ሲጻፍበት ተመልክቶ ትርፉን ይበላ ነበር። ዘውድ ያልደፋው ሞስ እስከ ዛሬ ከታላላቆቹ ነጂዎች ጋራ ሲጠራ፥ ከድሎቹ ጋራ አብራ የምትነሣለት የፖርቶዋ ምስክርነት ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።