ስለ ሐይቅ ነፋስና ስለ ባለሸራው ሳንቃ
ከውቅያኖስ እጅግ ርቀው በአሜሪካ መካከል በተቀመጡት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች የሚኖር የአገራችን ሰው፣ በሐይቅ ላይ በሳንቃ ቆሞ፣ ሸራውን በእጁ ይዞ የሚከንፍ ጎልማሳ ባየ ጊዜ፣ «ዊንድሰርፊንግ የባሕር ጨዋታ ነው፤ በዚህ ኩሬ ላይስ ለይምሰል ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ከቀደሙት ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ኒውማን ዳርቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ባለሸራ ሳንቃውን የሞከረው በፔንሲልቬንያ፣ ጨው በሌለው ውሃ ላይ ነበር፤ ድሬክና ሽዋይዘር የተባሉት የካሊፎርኒያ ሰዎች የፈጠራ መብት ያገኙት ከዚያ በኋላ በ1970 ነው። እንዲያውም ሌላው የውሃ ጨዋታ፣ የውሃ ስኪ፣ በ1922 የተጀመረው እነዚሁ ከተሞች ባሉበት በሚኒሶታ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ሰፍቶ በሚተኛበት በፔፒን ሐይቅ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ተረት የሐይቅ ነፋስ ገር ነው የሚለው ነው። ደቀ መዛሙርትን ያስጮኸው ማዕበል የተነሣው በጥብርያዶስ ሐይቅ እንደ ነበረ ወንጌልን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። በሰፊ ባሕር ላይ ነፋስ የሚያግደው ሳያገኝ አንድ ወጥ ሆኖ ሲመጣ፣ ቀድሞ ካልሁን ይባል ወደ ነበረውና በ2018 የዳኮታ ሕዝብ ጥንታዊ ስሙ ወደ ተመለሰለት ወደ ሚኒያፖሊሱ ሐይቅ ወደ ብዴ ማካ ስካ የሚደርሰው ግን ዛፉንና ፎቁን እየታከከ፣ እየተሰበረና አቅጣጫውን እየለዋወጠ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ይሞታል፣ አንድ ጊዜ በድንገት ይነሣል። ሽውታው ከመድረሱ አስቀድሞ የውሃው ገጽ በጥቃቅን ሞገድ ይሸበሸብና ይጠቁራል፤ የለመደ ሰው ይህን ጥቁረት ከሩቅ አይቶ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ኋላ ሲንጋለል፣ እግሩን ብቻ የሚመለከት ጀማሪ ግን ከነሸራው በፊቱ ይደፋል።

የክንድ ብርታት ይፈልጋል የሚሉትም ተሳስተዋል፤ የሸራውን ጉተታ የሚሸከመው በወገብ ታጥቀው ከሸራው መያዣ ጋር በሜንጦ የሚያያዙት ቀበቶ ነውና። ነፋሱ ወደ ነዳበት ብቻ ይሄዳል የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ የጎበጠው ሸራ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ሲስብ፣ ከሳንቃው ሥር የተተከለው ክንፍ ወደ ጎን መንሸራተቱን ስለሚከለክል፣ ሰውዬው ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን በሰያፍ እየተመላለሰ ይወጣል።

ለሕይወት የሚያሰጋው የመጨረሻው ስሕተት ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሲሞቅ፣ ሐይቁም ከዳር ጸጥ ብሎ ሲታይ፣ ቀላል ልብስ ለብሶ መግባት የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በረዶው ገና መቅለጡ ስለሆነ፣ ወድቆ የሚጠልቅ ሰው ሳይወድ በግድ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ ስለዚህ ከብርድ የሚከላከለው የጎማ ልብስ የሚመረጠው በአየሩ ሙቀት ሳይሆን በውሃው ቅዝቃዜ ነው። የዳሩም ጸጥታ ብዙ ጊዜ የዛፎቹ ከለላ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ከዚያ ዳር ወደ መካከል የሚነፍስ ከሆነ፣ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ይበረታል፣ መመለሻውንም ያርቃል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው በዋና ወደ ዳር ልድረስ ሳይል፣ የማይሰጥመውን ሳንቃ ሳይለቅ በላዩ ተኝቶ እጁን እያውለበለበ ርዳታ ይጥራ።